ሬናታ መሠዊያ ያልሠራችበት ዓመት

ሬናታ «ዘንድሮ በእኛ በር ላይ መሠዊያ የለም» ያለችው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ ሰላምታ በሚለዋወጥበት ሰዓት ነበር። በሹክሹክታም አልነበረም። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ የምትነዳ ሴት ናት፤ ከሞተር ድምፅ በላይ መናገር ለምዳለች። ስለዚህ የሰማ ሰማ፣ ያልሰማም ምሳው ሳይቀርብ ተነገረው።

በመንደሯ በሊሶቭካ ይህ እንዲህ በዋዛ የሚባል ነገር አይደለም። ሐሙስ በሚውለው የጌታ ሥጋ በዓል ካህኑ ቅዱስ ቁርባኑን መስታወት በተገጠመለት የወርቅ ዕቃ ይዘው፣ ድባብ ተዘርግቶላቸው መንደሩን ይዞራሉ። መንገዱ ላይ አራት መሠዊያዎች ይቆማሉ፤ ካህኑ በእያንዳንዱ ወንጌል አንብበው ሕዝቡን ይባርካሉ። አራተኛውና የመጨረሻው የሚሠራው በሬናታ ቤት በር ላይ ነው። እናቷ ጌኖቬፋ ከእናቷ ተረክባ ዕድሜዋን ሙሉ ሠርታዋለች። ጤነኛ በነበረችበት ጊዜ በዓሉ ሲቃረብ በዚያ ቤት መራመጃ አይገኝም ነበር፤ ባልዲው ሁሉ አበባ ይዞ፣ የበርች ቅርንጫፉ በረንዳው ላይ ተከምሮ፣ እሷ በገዛ እጇ የጠለፈችውን ነጭ የመሠዊያ ጨርቅ እየተኮሰች «ማንም እንዳይነካው» እያለች ትቆጣ ነበር። ከታመመች ወዲህ ደግሞ ሬናታ አላስታጎለችም። በአበባ ድርደራ የእናቷን ያህል እጅ ባይኖራትም መዶሻና ሚስማር ላይ ትበልጣታለች፤ እሷ የሠራችውን መሠዊያ ንፋስ አልጣለውም።

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ «የለም» ያለችው።

ሬናታ በወጣትነቷ ጀርመን አገር ሄዳ በአትክልት እርሻ ሠርታለች፤ የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ ስታወጣ «ሴት ልጅ ምን ሊያደርግላት» ያሏት ሁሉ ዛሬ ልጆቻቸውን በእሷ አውቶቡስ ይልካሉ። ወደ መንደሯ የተመለሰችው እናቷ ሻይ ውስጥ ጨው መጨመር የጀመረች ጊዜ ነው። ባሏን ያሬክን ይዛ፣ ዕቃዋን ጭና መጣች፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ የጠየቃት ሰው አልነበረም፣ እሷም አልተናገረችም። አሁን ጌኖቬፋ የልጇን ስም ካጣችው ቆይታለች። አንዳንድ ቀን «እመቤት» ትላታለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በሟች እህቷ ስም ትጠራታለች። ሬናታ ለሁሉም «አቤት» ትላለች።

በየወሩ የመጀመሪያ ዓርብ የቁምስናው ካህን ለደካሞች በየቤታቸው እየዞሩ ቁርባን ያደርሳሉ። ሬናታም እንደ አገሩ ልማድ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ታነጥፋለች፤ መስቀል፣ ሁለት ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ማንኪያ ታስቀምጣለች። ውሃው መዋጥ ለሚቸግረው ነው። ታዲያ ከዚያ እሑድ አንድ ወር ቀድሞ ካህኑ አባ ሴቬሪን መጥተው፣ ጌኖቬፋን አቁርበው፣ ጸሎቱን አድርሰው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። አብራቸው ሻማ ይዛ የመጣችው ጎረቤታቸው ኢርሚና ግን እግሯ ደክሞ ስለነበር ለሻይ ቆየች። የመቁጠሪያ ማኅበሩ አለቃ ናት፤ ቁርባን ሲያልፍ ጭቃ ላይም ቢሆን የምትንበረከክ፣ እውነተኛ አማኝ ሴት ናት።

ጌኖቬፋ ኅብስቱን አልዋጠችውም ነበር። ሬናታ ሻይ ስትቀዳ፣ አሮጊቷ ቀስ ብላ ከምላሷ ላይ በጣቷ አነሳችው፣ ሳመችው፣ ከዚያም በሽርጧ ኪስ ከመሀረቧና ከከረሜላዋ ጋር ከተተችው።

ኢርሚና «ኪሷ ውስጥ ከተተችው!» ብላ ጮኸች። ከወንበሯ ተነስታ፣ እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ ካህኑን ልመልስ ብላ ወደ በሩ ሮጠች። ሬናታ ግን አልሮጠችም። እናቷ ፊት ተንበርክካ በእርጋታ እጇን ወደ ኪሱ ሰደደችና አወጣችው። ረጥቧል፣ ጠርዙ ተጣጥፏል፣ ከመሀረቡ አንድ ክር ተጣብቆበታል። ራሷ እንቁላል በዳቦ ቁርስ ከበላች ገና ግማሽ ሰዓት አልሆናትም፤ ለመቁረብ አንድ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ግድ ነው። ይህንን ሁሉ አሰበች፤ ግን የያዘችውን ይዛ መቀመጥ አልቻለችም። እንዳለ፣ ከነክሩ ዋጠችው። ከዚያ ኪሱን ገልብጣ አጠበች፤ ውሃውንም እንደሚገባው ሰው የማይረግጠው ቦታ፣ አጥሩ ሥር ካለው የጽጌረዳ ግንድ ላይ አፈሰሰችው።

እናቷ ምን እንዳደረገች ሬናታ ገብቷታል። በጦርነቱ ዘመን ጌኖቬፋ ሕፃን ሆና፣ ከተሰጣት ዳቦ ግማሹን ከአፏ መልሳ ለታናሽ ወንድሟ በኪሷ ትደብቅለት ነበር። ይህን ታሪክ ሬናታ ሰምታ ነው ያደገችው። ዛሬ ግን ጌኖቬፋ ዳቦ አትደብቅም። የቀረበላትን ሁሉ ጠርጋ ትበላለች፤ ዘወር ካሉም ከጎረቤት ሳህን ታነሳለች። ከዚህ ሁሉ ምግብ መርጣ ስማ ያስቀመጠችው ያንን አንዱን ብቻ ነው።

ኢርሚና ነገሩን ለካህኑ ተናገረች፤ ካህኑ ዘንድ ሳይደርስም ለማኅበሩ። በማግስቱ አባ ሴቬሪን ሬናታን አስጠሯት። ወጣት ናቸው፣ ወደ ሊሶቭካ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፤ ስለ ኪሱ ሲያነሱ ፊታቸው ገረጣ እንጂ አልተቆጡም። ቤተ ክርስቲያን ከሕፃን ልጅ እንኳ የምትጠይቀው አንድ ነገር እንዳለ፣ እሱም የጌታን ሥጋ ከተራ ምግብ መለየት እንደሆነ አስረዷት። ጌኖቬፋ ይህን አሁን አትችልም፤ ኃጢአት የለባትም፣ እግዚአብሔርም አይጥላትም። እሳቸውም እየመጡ ይባርኳታል፣ ቅብዓ ቅዱስ ይቀቧታል። ቁርባኑ ግን ይቅር አሉ።

ሬናታ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ነበር የምታዳምጠው። ኢርሚና ራሷ እንዳየችው እናቷ ኅብስቱን መሳሟን ነገረቻቸው፤ ተራ ምግብ እንደማትስም ነገረቻቸው። አባ ሴቬሪን ሊሆን ይችላል አሉ፣ ላይሆንም ይችላል አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወይዘሮ ሬናታ፣ እኔ የምፈራው ሳላምን ቀርቼ አይደለም፤ በእጄ የያዝኩት ማን እንደሆነ ስለማምን ነው» አሏት።

«እኔም እሱን ነው የምለው፣ አባ» አለች ሬናታ። «ምልክት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሺ ብዬ እሄድ ነበር። ምልክት ለማያውቀው ሰው ምን ይሠራለታል? እናንተ ግን ራሱ ነው ብላችሁ ነው ያስተማራችሁን። ራሱ ከሆነ፣ እሷ ባታውቀው እሱ ያውቃታል።»

አባ ሴቬሪን አስብበታለሁ አሉ፤ እሷም ኮቷን እንደለበሰች ወጣች።

የሚቀጥለው የመጀመሪያ ዓርብ ደረሰ። ሬናታ ማለዳ ጠረጴዛውን አሰናዳች፣ የእናቷን ፀጉር ጎነጎነች፣ ንጹሕ ሽርጥ አለበሰቻት። አባ ሴቬሪን መጡ፣ ግን በሩ ላይ ቆመው ነው፤ አሮጊቷን በመስቀል ባርከው፣ ጤናዋን ጠይቀው፣ ወደሚቀጥለው ቤት አለፉ። ሻማዎቹ በከንቱ ነደዱ። ሬናታ ውሃውን ወደ ማድጋው መለሰች። እንባ ነው ብላ የጠበቀችው ነገር ንዴት ሆኖ መጣ፤ ንዴት ደግሞ ለእሷ እንደ ነዳጅ ነው። መሠዊያ የለም ያለችው ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ ነው።

ያሬክ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ለፋሲካና ለቀብር ነው፤ ትራክተር ጠጋኝ ነው፣ የሚያምነው በመፍቻ ነው ይሉታል። የዚያን ቀን ምሳ ላይ፣ «ሴትዮ፣ ለመሆኑ የተጣላሽው ከእግዜር ጋር ነው ከቄሱ ጋር?» ብሎ ጠየቃት።

«ከእግዜር ጋርማ ብጣላ ምን አደከመኝ። ቤቴ ይግባልኝ ብዬ እኮ ነው የምጨቃጨቀው።»

«ታዲያ መሠዊያውን ከከለከልሽው በየት በኩል ይገባል?»

«እስኪ ንገረኝ፣ አበባ ለማየት በሬ ድረስ መጥቶ ቆሞ፣ አልጋ ላይ ያለችውን ሳያይ ይመለስ? እንደዚያ ዓይነት እንግዳ ለሰውም አይመች።»

ያሬክ ሾርባውን አማሰለ። ነገሩ እንደገባው የታወቀው ከሰዓት በኋላ የአሮጊቷን ተሽከርካሪ ወንበር ጎማ አውጥቶ ዘይት ሲቀባ ነው።

መንደሩ ግን በወሬ ተናጠ። ሬናታ ዕብድ ሆናለች ተባለ፤ ሃይማኖት ልትቀይር ነው ተባለ። ሐሙስ ዕለት አውቶቡሱን መንገዱ ላይ ገትራ ዑደቱን ታስቆመዋለች ያሉም ነበሩ። ሱቅ ገብታ ይህንኑ ሲያወሩ የደረሰችባቸውን ሴቶች፣ ስኳሯን እየተቀበለች፣ «አይዟችሁ፣ እናንተን ለማስቆም አውቶቡስ አያስፈልገኝም» ብላቸው ወጣች። ከኋላዋ አንዷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የፌዝ አልነበረም።

ረቡዕ ኢርሚና መጣች። ከአጥር ውጭ ነበር የቆመችው፤ ከዚያ ዓርብ ወዲህ ግቢው አልገባችም። አራተኛው መሠዊያ በራሷ በር ላይ እንዲሠራ ካህኑ ፈቅደዋል፣ ቦታው አንድ ቤት ብቻ ነው ፈቀቅ ያለው። የጎደላት የጌኖቬፋ የመሠዊያ ጨርቅ ነው።

«ልጄ፣ ግትርነትሽን ለሌላ ቀን አቆይው። ጨርቁን ስጪኝ፣ አጥቤ እመልስልሻለሁ።»

«ጨርቁ የእማዬ ነው፣ እትዬ ኢርሚና።»

«እሷ እንደሆነች ዛሬ ጨርቅ ይሁን ጆንያ አትለየውም።»

«እንግዲያው እሷ ጋ ቢቀመጥ ማንን ጎዳ?»

ኢርሚና አጥሩን በሁለት እጇ ያዘች። «አንቺ አላየሽም» አለች። «ጀርባሽን ሰጥተሽ ሻይ ስትቀጂ ነበር። እኔ ነኝ ያየሁት። ጌታን፣ ኪስ ውስጥ፣ ከከረሜላ ጋር! እንቅልፍ አጥቻለሁ እኮ።»

ኢርሚና ሬናታን አሳዘነቻት። ግን እጅ አልሰጠችም። «በረት ውስጥ ተኝቷል ስትሉን አድገናል፣ እትዬ። የእማዬ ኪስ ከበረት ይሻላል፤ በየቅዳሜው ይታጠባል።»

ኢርሚና ፊቷን አማትባ ሄደች፤ ጨርቁንም ሳታገኝ።

በበዓሉ ጥዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከላይኛው መንገድ ጀምሮ አጥሩ ሁሉ በበርች ቅርንጫፍ ለምልሟል፤ መስኮቱ ሁሉ ሥዕልና ሻማ ይዟል። የሬናታ በር ላይ አንዲት ቅጠል የለችም። መንገዱን ግን ጠርጋዋለች፤ ተጣልታም ቢሆን ያልተጠረገ ደጅ አታሳይም። ከዚያ እናቷን የክት ቀሚሷን አልብሳ፣ ራሷ ላይ ሻሽ አስራ፣ ወንበሯን እየገፋች ከበሩ ውጭ፣ መንገዱ ጠርዝ ላይ አቆመቻት። ጨርቁን አጥፋ ጉልበቷ ላይ አነጠፈችላት። ያሬክ ከኋላ፣ በሩን ተደግፎ ቆመ።

ዑደቱ ከሦስተኛው መሠዊያ ተነስቶ ወደ ታች ወረደ። ከፊት የመለከት ቡድኑ፣ ከዚያ አበባ የሚበትኑ ሕፃናት፣ ከዚያ ድባቡን የያዙ የመንደሩ የእሳት አደጋ ሰዎች የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው። በድባቡ ሥር አባ ሴቬሪን፣ ትከሻቸው ላይ በተደረበው ልብስ እጆቻቸውን ሸፍነው፣ የወርቁን ዕቃ ከፊታቸው ከፍ አድርገው ይራመዳሉ። ሰው ባዶውን በር ሲያይ ዝማሬው ቀነሰ። አሮጊቷን ሲያይ ደግሞ ጭራሽ ተበላሸ። «እናቷን መሠዊያ አደረገቻት» የሚል ድምፅ ከሕዝቡ መሃል ተሰማ።

ሬናታ አልተንበረከከችም። ወንበሩ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማለች። ቢያልፏት ምን እንደምታደርግ አታውቅም፣ ያሰበችው እዚህ ድረስ ብቻ ነበር።

አባ ሴቬሪን ዓይናቸውን ከያዙት ላይ ሳይነቅሉ ደረሱ፤ እግራቸው ግን ዘገየ፣ ቆመም። ድባብ ያዦቹ ስላላዩ ጥቂት ወደፊት ሄዱና ካህኑ ከድባቡ ውጭ ቀሩ፤ ፀሐይ ወርቁ ላይ አረፈች። ከበሮ መቺው ለብቻው ትንሽ መትቶ እሱም ዝም አለ።

ሬናታ እሳቸው ብቻ በሚሰሙት ድምፅ ተናገረች። «አባ፣ የያዙት ማንን ነው?»

«ማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ ወይዘሮ ሬናታ።»

«አውቃለሁ። እንግዲያው እሷን አልፎ ይሄድ እንደሆነ እሱን ይጠይቁት።»

ምን ያህል እንደቆሙ ኋላ ሰው ሲከራከርበት ኖሯል። አባ ሴቬሪን እንዲያፍሩ አልነበረም የፈለገችው፣ ደግሞም አላፈሩም። ሲያስቡ ነበር፣ ወይም ሲጸልዩ። ከዚያ አንድ እርምጃ ከመንገዱ ወጡና ቁርባኑን እስከ አሮጊቷ ፊት ድረስ ዝቅ አድርገው ያዙላት።

ጌኖቬፋ እስከዚያ ድረስ የምታየው የጎረቤት ዝይዎችን ነበር። ፊቷን መለሰች። በመስታወቱ ውስጥ ያለውን ነጭ ክብ ነገር ትክ ብላ አየችው። መስታወቱ በመንገዱ አቧራና በአበባው ብናኝ ደብዝዟል። ጌኖቬፋ ከጉልበቷ የጨርቁን ጫፍ አነሳች፣ በምላሷ አረጠበችው፣ የሕፃን አፍንጫ እንደሚጠረግ አድርጋ መስታወቱን ዙሪያውን ጠረገችው። «እንዲህ ነው» አለች ስትጨርስ፣ እና ወደ ዝይዎቹ ተመለሰች።

ከሕዝቡ መሃል የደነገጠም፣ ሳቁን ያፈነም ነበር። አንዲት ሴት ተንበረከከች፣ ከዚያ ብዙዎች። አባ ሴቬሪን በቁርባኑ በላይዋ የመስቀል ምልክት ሠርተው ባረኳትና ወደ ድባቡ ተመለሱ፤ በኢርሚና በር ላይ ወዳለው መሠዊያ ሄደው አራተኛውን ወንጌል አነበቡ። ኢርሚና ራሷ በዚያ ወንጌል ሰዓት ወደ መሠዊያዋ ሳይሆን ወደ ጎረቤት በር ስታይ ነበር።

ሬናታ ነገሩ ማስረጃ ነው አላለችም። ከሰዓት በኋላ ሰዎች መጥተው «አወቀችው እኮ!» ሲሏት፣ «ታውቀውም አታውቀውም፣ እሱ ፊቱን አላዞረባትም» ብላ አሰናበተቻቸው።

በማግስቱ፣ የመጀመሪያ ዓርብ ሳይሆን፣ የአባ ሴቬሪን ብስክሌት አጥሩ ላይ ተደግፎ ታየ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ደረታቸው ላይ ቁርባኑን የያዘችው ትንሽዬ ሙዳይ ተንጠልጥላለች። ሬናታ ምንም ሳትጠይቅ ጠረጴዛውን አነጠፈች። እሳቸው ማንኪያውን አንስተው ውሃ ጨመሩበት፤ ከኅብስቱ የምስር ፍሬ የማታክል ቁራጭ ቆርሰው ማንኪያው ላይ አኖሩ። ቀሪውን ለሬናታ እንደሚሰጧት፣ አሮጊቷ ከመለሰችው ደግሞ ራሳቸው እንደሚወስዱት ነገሯት። ሌሊቱን ሲያስቡበት ያደሩ ይመስላሉ።

ያሬክ ከበሩ አንገቱን አስግጎ፣ «ይቺን የምታክለዋ፣ እሱም ሙሉ ነው?» አለ። ሲያሾፍ አልነበረም።

«ሙሉ ነው» አሉ አባ ሴቬሪን። «ከዚህ የሚያንስም ቢሆን።»

ጌኖቬፋ አፏን ከፈተች። ማንኪያው ገባ፤ ግን አልወጣም። በድዷ ግጥም አድርጋ ያዘችው። ካህኑ ቀስ ብለው ሳቡ፣ እሷ ይበልጥ ነከሰችው፤ ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። ወደ ሬናታ ዞረው በዓይናቸው ይርዱኝ አሉ።

«ይተዉላት» አለች ሬናታ። «እሷ አልቸኮለችም፣ እሱም አልቸኮለ። የቸኮልን እኛ ነን።»

ጠበቁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል፣ ደጅ ዝይ ይጮኻል። ካህኑ የማንኪያውን ጫፍ እንደያዙ ጎንበስ ብለው ቀሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የአሮጊቷ ጉሮሮ ወደ ላይ ወጥቶ ወረደ፣ ድዷም ላላ። ሬናታ አገጯን ይዛ አፏን አየች፤ ባዶ ነው። ከዚያ እሷም ተንበርክካ ቀሪውን ተቀበለች፤ በዚያን ቀን ቁርስ አልበላችም ነበር።

አባ ሴቬሪን ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። ይህ ሁልጊዜ ይሆናል ማለት እንዳልሆነ፣ ሕመሙ ሲጠና ነገሩን በየጊዜው ማየት እንደሚኖርባቸው፣ ከጳጳሱም ምክር ሊጠይቁ እንደሚችሉ ነገሯት። ሬናታ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻቸው።

«ይጠይቁ፣ አባ» አለች ብስክሌታቸውን ከአጥሩ እያቀናችላቸው። «የፈለጉትን ያህል ያስቡ። እኔ ግን በመጀመሪያው ዓርብ ጠረጴዛውን አነጥፋለሁ፤ በሚቀጥለውም አነጥፋለሁ። ባይመጡ ደግሞ አውቶቡስ አለኝ፤ እናቴን ጭኜ ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ አወርዳታለሁ።»